ወታደር ላፕቶፕ ሲገዛ

አክስታችን ከአሜሪካ የምትደውለው አንድም ሰው ሲሞት፣ አንድም ሰው ሲያገባ ነው። ባለፈው ሰሞን ግን ስልኩ የጮኸው ለሌላ ጉዳይ ሆነ። «ስሚኝማ የኔ ልጅ፣ አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሽ የለ? እስቲ ለዚህ ልጅ የማይሰበር ላፕቶፕ ፈልጊለት። ደግሞ ውድ እንዳይሆን።» ጋዜጠኝነትንና ላፕቶፕን ምን እንዳገናኛቸው አልጠየቅናትም። በእኛ ቤተሰብ ዲግሪ የያዘ ሰው ቴሌቪዥንም ይጠግናል፣ ደም ግፊትም ይለካል።

«ይህ ልጅ» የተባለው የአክስታችን የበኩር ልጅ ነው። ቨርጂኒያ ያደገ፣ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ባልደረባ ነው። ለዘጠኝ ወር ወደ ኩዌት ሊላክ ነው፤ ሲሄድ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ጉዞ፣ በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው፤ ጦሩም ኮምፒውተሩም የእነሱ ነውና)፣ ይዞት የሄደው ከሰው እጅ በርካሽ የገዛውን አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። እሁድ እሁድ ማታ አዲስ አበባ ላለችው አያታችን እየደወለ ተረትና የድሮ ታሪክ ያስወራታል፤ ድምጿንም እየቀዳ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ያስቀምጣል። አንድ ቀን ላፕቶፑ ከተደራራቢው አልጋ ከላይኛው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ስክሪኑ ምንም አልሆነም። ውስጡ ግን «ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ» ማለት ጀመረ። ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያለውን ለማዳን የተጠየቀው ገንዘብ ሁለት አዲስ ላፕቶፕ ይገዛ ነበር። አያታችን በዚያው ዓመት አረፈች።

እንግዲህ አክስታችን «የማይሰበር» ስትል የምታወራው ስለ ስክሪንና ስለ ማጠፊያ ይመስላታል። ልጁ ግን ሌላ ነገር እያሰበ እንደሆነ እናውቃለን። እኛም መልስ ፍለጋ ስንገባ ታሪክ ውስጥ ገባንና ሳምንት ሙሉ አልወጣንም። የገረመንን ነገር ቀድመን እንንገራችሁ፦ የአያታችንን ድምፅ የበላው ችግር በ1982 መፍትሔ አግኝቶ ነበር። ከዚያ በዋጋ ምክንያት ተረስቶ፣ ተመልሶ የተራ ሰው እጅ እስኪገባ ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጀ።

ላፕቶፕ ሳይመጣ በፊት ባሕር የተሻገረ ወታደር ከቤቱ ጋር በምን ይገናኝ ነበር? የእኛው የቃኘው ሻለቃ በ1951 በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ቡሳን ሲገባ፣ ወታደሩን ከቤቱ የሚያገናኘው ደብዳቤና ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሜሪካኖቹ ትንንሽ የቴፕ መቅረጫ እየገዙ ድምፃቸውን ቀድተው በፖስታ ወደ ቤት ይልኩ ነበር። (ከአረብ አገር በካሴት የተቀዳ «ደብዳቤ» ሲመጣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያዳመጠበትን ዘመን እናቶቻችን ያስታውሳሉ። ለቅሶው የሚጀምረው ገና ሰላምታው ሳያልቅ ነው ይላሉ።) ልብ በሉ፣ መቅረጫውን ለቬትናሙ ወታደር የገዛለት ጦሩ አልነበረም። ራሱ ነው፣ ከደመወዙ። ለጦሩ የሚያስፈልገው ዕቃና ለወታደሩ የሚያስፈልገው ዕቃ ያኔም ለየብቻ ነበሩ፤ ላፕቶፕ ሲመጣም እንደዚያው ቀጠለ።

በ1981 «ተንቀሳቃሽ» ተብሎ ገበያ የወጣው ኦስቦርን 1 ዋጋው 1,795 ዶላር፣ ክብደቱ 11 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። ከግማሽ ፈረሱላ በላይ ማለት ነው። ያንን ይዞ የሚዘምት ወታደር ጠመንጃውን ለጓደኛው መስጠት ነበረበት። በዓመቱ፣ በ1982፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆን ኤለንቢ የመሠረተው ግሪድ የሚባል ኩባንያ ሌላ ዓይነት ነገር ይዞ መጣ። ስሙ ግሪድ ኮምፓስ ነው። ንድፉን የሠራው ቢል ሞግሪጅ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ስክሪኑ እንደ መጽሐፍ ገጽ ኪቦርዱ ላይ እንዲታጠፍ አደረገው። ዛሬ ጭናችን ላይ የምንዘረጋው ላፕቶፕ ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። አካሉ ማግኒዥየም፣ ክብደቱ አምስት ኪሎ አካባቢ፣ ዋጋው ደግሞ... 8,150 ዶላር! በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ በዚህ ገንዘብ አዲስ መኪና ይገዛ ነበር።

የእኛን ዓይን የሳበው ግን ዋጋውም ማጠፊያውም አይደለም። ግሪድ ኮምፓስ ውስጥ የሚሽከረከር ዲስክ የለም። መረጃውን የሚያስቀምጠው በአንድ ዓይነት ማግኔታዊ ቺፕ ውስጥ ነው፤ ሰዎቹ «የአረፋ ሜሞሪ» ይሉታል። መጠኑ ከ400 ኪሎባይት ያንሳል፤ ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ እንኳ አትገባበትም። ነገር ግን ብትጥሉት፣ ብታንቀጠቅጡት፣ ሮኬት ላይ ብታስሩት የሚላቀቅ ወይም የሚጋጭ ነገር ውስጡ የለም። ሮኬት ላይም በእርግጥ ታስሯል። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በኅዳር 1983 በኮሎምቢያ መንኮራኩር ይዞት ወጣ፤ ጠፈርተኞቹ ከምድር በየትኛው ቦታ በላይ እንዳሉ የሚያዩበት ሆነ። ጦሩም ገዛው። 8,150 ዶላር የሚከፍል ሌላ ማን ይኖራል?

በዚያው በ1983 እኛን በሙያችን የሚመለከት አንድ ማሽን ደግሞ ወጣ፤ ቲአርኤስ 80 ሞዴል 100። ጃፓን ውስጥ ኪዮሴራ የሠራው፣ አሜሪካ ውስጥ በራዲዮ ሻክ ሱቆች የተሸጠ ነው። አራት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ሲገባለት ሃያ ሰዓት ገደማ ይሠራል። ስክሪኑ ስምንት መስመር፣ በእያንዳንዱ መስመር አርባ ፊደል፣ በቃ። ዋጋው ከ799 ዶላር ይጀምራል። የስልክ ሞደም አብሮት ስለተሠራ የውጭ ጋዜጠኞች ዜናቸውን እሱ ላይ ጽፈው በስልክ መስመር ወደ ዝግጅት ክፍል ይልኩ ነበር። ቢል ጌትስ ራሱ ኮድ ከጻፈላቸው የመጨረሻዎቹ ማሽኖች አንዱ እንደሆነም ይነገራል። እሱም ዲስክ አልነበረውም። በየትኛውም መንገድ ዳር ያለች ኪዮስክ ባትሪ ድንጋይ ትሸጣለች፤ ዲስክ የለም፤ ፋን የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ስንቱ ላፕቶፕ ለጦር ሜዳ የዚያን ያህል ተስማሚ እንደነበር እንጠራጠራለን።

ታዲያ ለምን ቀረ? ሰው ቦታ ፈለገ። የአረፋ ሜሞሪ ውድና ጠባብ ሲሆን፣ ሃርድ ዲስክ ደግሞ በየዓመቱ እየሰፋና እየረከሰ ሄደ። 1990ዎቹ ሲገቡ ላፕቶፕ ማለት ሃርድ ዲስክ ያለው ማለት ሆነ። ሃርድ ዲስክን ያላየ ሰው የድሮውን ሸክላ ማጫወቻ ያስብ፤ ሳህኑ ይሽከረከራል፣ በላዩ መርፌ ይሄዳል። ልዩነቱ፣ የሃርድ ዲስኩ መርፌ ሳህኑን አይነካም። ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጥረው ስስ አየር ላይ ይንሳፈፋል። በመሃላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት ከሺህ ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። እየሠራ ሳለ በኃይል ሲመታ መርፌው ሳህኑን ይቧጥጣል። ያ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ድምፅ የዚህ ዓይነቱ ጉዳት ምልክት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ፤ ለእኛ ለደገኞች የሚጠቅም ነው። መርፌው የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ አየሩ የሳሳበት ቦታ ይቸገራል። አብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች እንዲሠሩ የሚፈቀደው እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ነው። በአፍጋኒስታን ተራሮች ላይ ለሰፈረ ወታደር ይህ ቁጥር ቀልድ አልነበረም። ሰሜን ተራሮች ሄዳችሁ ሳንቃበር ላይ ድንኳን ተክላችሁ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ከፍታችሁ ፊልም ያያችሁ ካላችሁ፣ እናንተም ከ3,200 ሜትር በላይ ሆናችሁ ዕድላችሁን እየሞከራችሁ ነበር።

እንግዲህ የጦሩ መልስ ምን ሆነ? ማሽኑን ማልበስ። የጃፓኑ ፓናሶኒክ በ1996 ታፍቡክ ብሎ ያወጣው ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አለው፤ ግን ዲስኩ እንዳይናወጥ በሚለሰልስ ነገር ተደግፎ፣ አካሉ በማግኒዥየም ተሸፍኖ፣ ቀዳዳው ሁሉ ክዳን ተበጅቶለት ነው። ፖሊስ፣ አምቡላንስ፣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ፣ ወታደር ሁሉ ያዘው። ሲታይ የመሣሪያ ሳጥን ይመስላል።

ከእሱ ጋር አንድ ስም ታዋቂ ሆነ፤ ሚል ስታንዳርድ 810። ይህ የአሜሪካ መከላከያ በ1962 ያወጣው የፈተና ሰነድ ነው፤ አቧራ፣ ዝናብ፣ ሙቀት፣ ንዝረት፣ መውደቅ... ዕቃን የሚያሠቃዩበት ዘዴ ተዘርዝሮበታል። ከሁሉ የምንወደው የመጣል ፈተናውን ነው። ዕቃው ከ122 ሴንቲ ሜትር ከፍታ፣ ኮንክሪት ላይ በተነጠፈ ኮምፔንሳቶ ላይ 26 ጊዜ ይጣላል። ለምን 26? ሳጥን የሆነ ነገር ስድስት ፊት፣ አሥራ ሁለት ጠርዝ፣ ስምንት ማዕዘን አለው፤ ደምሩት። በእያንዳንዱ በኩል አንድ አንድ ጊዜ መውደቅ አለበት ማለት ነው።

ጥሩ ነው። ግን ሰነዱን ዝቅ ብሎ ላነበበ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛ፣ 26ቱን ውድቀት አንድ ላፕቶፕ ብቻውን መሸከም የለበትም፤ እስከ አምስት ለሚደርሱ አምሳያዎች ማከፋፈል ይፈቀዳል። ስለዚህ አንዱ ላፕቶፕ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ብቻ ወድቆ «26 ጊዜ ወድቆ አለፈ» ሊባልለት ይችላል። ሁለተኛ፣ ይህን ፈተና አልፈሃል ብሎ ማኅተም የሚመታ የመንግሥት ቢሮ የለም። አምራቹ ከፈተናዎቹ የፈለገውን መርጦ፣ ራሱ ፈትኖ ወይም አስፈትኖ፣ ራሱ ያውጃል። ዛሬ በየሱቁ የተደረደሩ ተራ ላፕቶፖች «የወታደር ደረጃ» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ውሸት ነው አላልንም። የትኛውን ፈተና እንዳለፈ ካልተጻፈ ግን ጽሑፉ ጌጥ ነው።

ሙሉ ለሙሉ የጠነከረው ታፍቡክ ደግሞ ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በ2003 ኢራቅ የገባ አዲስ ተራ ወታደር የሁለት ወር መነሻ ደመወዙን ሰብስቦ አይገዛውም። ጦሩ የገዛቸው የጦሩ ናቸው፤ ካርታ፣ ሪፖርት፣ የመኪና ጥገና። ወታደሩ ማታ ለሚስቱ የሚጽፍበት አይደሉም። ግንቦት 2007 ላይ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ዩቲዩብንና ማይስፔስን ጨምሮ በርካታ ድረ ገጾችን ከራሱ መረብ አገደ፤ ምክንያቱ መስመሩን አጨናነቁት ነበር። ስለዚህ ወታደሩ የራሱን ላፕቶፕ ከጦሩ ሱቅ ወይም ከቤት አስልኮ ይገዛል። የሚገዛውም እኔና እናንተ የምንገዛውን ነው፤ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ የተሠራ፣ እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይሠራል የተባለ።

ኢራቅና ኩዌት በበጋ ሃምሳ ዲግሪ ይጠጋሉ። አቧራው እንደ ሽሮ ዱቄት የላመ ነው። የላፕቶፕ ፋን ደግሞ ሥራው ከውጭ አየር መሳብ ነው፤ አየሩ አቧራ ከሆነ አቧራውን ይስባል። ከዚያ ይደፈናል፣ ይግላል፣ ይጠፋል። በዚህ ሁሉ መሃል ዲስኩ ይሽከረከራል፤ ጀነሬተሩ ይንገጫገጫል፤ አልጋው ይነቃነቃል። ኢንጂነሮቹም ዝም አላሉም፤ አይቢኤም በ2003 አንዳንድ ቲንክፓዶቹ ላይ መውደቅ የሚሰማው ትንሽ መሣሪያ ገጠመ። ላፕቶፑ አየር ላይ እንዳለ ያውቅና መሬት ሳይደርስ መርፌውን ከሳህኑ ላይ ያነሳል። ብልህ ነገር ነው፤ ከጣራ ላይ የወደቀች ድመት እግሯን እንደምታስተካክለው። ግን አሁንም ሳህኑ አለ።

ሳህኑን ያስቀረው ጦሩ አለመሆኑ ነው ለእኛ የታሪኩ ጣፋጭ ቦታ። በኅዳር 2005 ቱኒስ ላይ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴና ኮፊ አናን አንዲት አረንጓዴ ላፕቶፕ ለዓለም አሳዩ። ለድሃ አገር ሕፃናት የታሰበች፣ በመቶ ዶላር ትሸጣለች የተባለላት፣ በእጅ እየተጠመዘዘች ኃይል የምታመነጭ። መጠምዘዣው በኋላ ቀረ፤ መቶ ዶላሩም በ2007 ማምረት ሲጀመር 188 ዶላር ሆነ። ቢሆንም ማሽኗን ተመልከቷት፦ ኪቦርዷ አቧራና ውሃ እንዳይገባ በጎማ የተሸፈነ፣ ፋን የላት፣ ሃርድ ዲስክ የላት፣ በፍላሽ ሜሞሪ የምትሠራ፣ ስክሪኗ ፀሐይ ላይ የሚነበብ። ጦሩ በሦስት ሺህ ዶላር የሚገዛው ባሕርይ በ188 ዶላር! ለሕፃን ልጅ የሚሆን ዕቃና ለወታደር የሚሆን ዕቃ አንድ ዓይነት መከራ ነውና የሚያዩት። ወደ አገራችንም መጥታ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ተሞክራለች። ያስተማረችውን ያህል አስተምራ ይሆናል፤ እሱ ሌላ ክርክር ነው። ለላፕቶፕ ታሪክ ግን የሠራችው ነገር አለ፦ ትንሽ፣ ርካሽና ዲስክ አልባ ላፕቶፕ መሥራት እንደሚቻል አሳየች።

በዚያው በ2007 መጨረሻ የታይዋኑ አሱስ ኢ ፒሲ የሚላትን አወጣ። ከአንድ ኪሎ በታች፣ 4 ጊጋባይት ፍላሽ፣ 399 ዶላር። ዊንዶውስ አልነበራትም፣ ስክሪኗ የመዳፍ ያህል ነው፤ ግን ብትወድቅ የሚቧጠጥ ሳህን የላትም። ለማነጻጸር ያህል፣ በ2008 አፕል ማክቡክ ኤር ላይ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ለመቀየር 999 ዶላር ተጨማሪ ይጠይቅ ነበር። 64 ጊጋባይት ለምትሆን! ከዚያ በኋላ ዋጋው መውረድ ጀመረ፤ ዓመት ዓመትን እየጣለ ዛሬ ርካሹ አዲስ ላፕቶፕ እንኳ የሚሽከረከር ነገር የለበትም። ግሪድ ኮምፓስ በ8,150 ዶላር የነበረው ነገር አሁን ማንም የማይኮራበት ተራ ነገር ሆነ። የአክስታችን ልጅ በ2019 ከሰው እጅ የገዛው ላፕቶፕ ግን ገና የድሮው ዓይነት ነበር። ርካሽ የሆነውም ለዚያ ነው፤ ሻጩም ገዢውም ይህን ልዩነት አላነሱትም።

ስለዚህ «ጠንካራ» የሚለውን ጥያቄ ታሪኩ መለሰልን ብለን ደስ ልንሰኝ ስንል ሁለት የ2000ዎቹ ታሪኮች ያዙን። የመጀመሪያው ሚያዝያ 2006 ነው። አፍጋኒስታን ባግራም የሚገኘው ትልቁ የአሜሪካ ጦር ሰፈር በር ላይ ገበያ ነበር። ሎስ አንጀለስ ታይምስ እንደዘገበው፣ ከሰፈሩ የተሰረቁ ፍላሾች በዚያ ገበያ በግልጽ ይሸጡ ነበር፤ ውስጣቸው ምሥጢራዊ ሰነድና የወታደሮች የግል መረጃ አለ። ዘገባው ከወጣ በኋላ ወታደሮች ገንዘብ ይዘው ወደ ገበያው ወርደው የራሳቸውን ፍላሽ መልሰው ገዙ። ሁለተኛው 2008 ነው። መካከለኛው ምሥራቅ በሚገኝ አንድ ጦር ሰፈር የሆነ ሰው የተበከለ ፍላሽ ወታደራዊ ላፕቶፕ ላይ ሰካ። ቫይረሱ ወደ ምሥጢራዊው መረብ ጭምር ገባ፤ ጦሩ በኅዳር ወር ፍላሽ መጠቀምን ጨርሶ ከለከለ፤ ምክትል መከላከያ ሚኒስትሩ ዊልያም ሊን ጉዳዩን በአደባባይ የተናገሩት በ2010 ነው።

ሁለቱም ታሪክ ላይ ዕቃው አልተሰበረም። ፍላሽ ከጣራ ብትጥሉት አይሰበርም። የጠፋው ግን ዕቃው አይደለም። እኛም መጀመሪያ ለልጁ ስለ ማግኒዥየምና ስለ 26 ውድቀት ልንጽፍለት አስበን የነበረውን ሰረዝነው።

የጻፍንለት ይኼን ነው። የያዝከው 400 ዶላር ለአዲስ ታፍቡክ አይበቃም፤ አያስፈልግህምም። መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ገዝተው ሦስት አራት ዓመት ተጠቅመው የሚሸጧቸው የቢሮ ላፕቶፖች አሉ፤ ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክ። ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫቸው ይገኛል፣ በጠመንቻ መፍቻ ይከፈታሉ። (አዲስ አበባ ውስጥ «ዩዝድ» ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ እነዚሁ ናቸው፤ ሻጩ «አሜሪካ ቢሮ የነበረ ነው» ሲላችሁ ለአንድ ጊዜ እውነቱን ሊሆን ይችላል።) ከመግዛትህ በፊት ግን ሦስት ነገር አረጋግጥ። ኤስኤስዲ እንጂ ሃርድ ዲስክ እንዳይኖረው። ባትሪው ስንት እንደቀረው ኮምፒውተሩ ራሱ ይናገራል፤ ጠይቀው፤ ካረጀ ቀይረው። ፋኑን ከፍተህ አየው፤ ከሄድክ በኋላም በየወሩ አቧራውን አራግፍለት፤ እኩለ ቀን ላይ ውጭ አትክፈተው። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ የኩዌት መብራት አያቃጥለውም፤ ሶኬቱ ግን የእንግሊዞቹ ባለሦስት ጥርስ ስለሆነ መቀየሪያ ያዝ። ትርፍ ባትሪ ካለህ ከእጅ ሻንጣህ ጋር እንጂ ወደ ጭነት አይገባም።

ከዚያ ዋናው። ኤስኤስዲ ወድቆ አይሰበርም፤ ሲሞት ግን «ቀጭ ቀጭ» ብሎ አያስጠነቅቅም፤ አንድ ቀን ጠዋት ዝም ይላል፤ ከሞተ በኋላ ማዳኑም ከድሮው አይቀልም። ስለዚህ ከ400 ዶላሩ 300ውን ብቻ ላፕቶፑ ላይ አውል። በቀሪው ሁለት ትንንሽ የውጭ ኤስኤስዲ ግዛ። አንዱ ሻንጣህ ውስጥ፣ ሌላው ከመሄድህ በፊት እናትህ ቤት። ሦስቱንም ቆልፋቸው፤ ባግራም ገበያ ላይ የእናትህ ፎቶ እንዳይሸጥ። ቁልፉን ከረሳህ የሚከፍተው ባለ 48 አሃዝ ቁጥር አለ፤ እሱን ወረቀት ላይ ጽፈህ ለእናትህ ስጣት። ስልክ ላይ አይደለም፣ ወረቀት ላይ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለን ቀስ ብሎ እንዲገዛ መከርነው። በሦስተኛው ቀን ገዝቶ ፎቶ ላከልን። የአራት ዓመት ቲንክፓድ ነው፤ ክዳኑ ላይ የድሮ መሥሪያ ቤቱ መለያ ቁጥር ተፍቆ ምልክቱ ቀርቷል። ኤስኤስዲ አለው። ፋኑን ከፍቶ ከውስጡ የወጣውን አቧራም ፎቶ አንስቶ ልኳል፤ ባናየው ይሻለን ነበር።

ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የሄደ አንድ ፋይል አለ። በ2019 ካቀዳቸው የአያታችን ተረቶች አንዱን፣ ያውም ሙሉውን ሳይሆን ቁራጩን፣ ያኔ በቴሌግራም ልኮልን ነበር፤ እኛም ረስተነው ስልካችን ውስጥ ተገኘ። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። ጦጢት ዛፉ ላይ ወጥታ ወደ ታች ማየት ስትጀምር ይቆረጣል። መልሰን ላክንለት። አሁን ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለቱ ዲስኮች ላይና እኛ ጋ አለ።

ልጁ በሚቀጥለው ወር ይበርራል። አክስታችን ወረቀቱን መዝሙረ ዳዊቷ ውስጥ አስቀምጣዋለች። «ይኼ ሁሉ ቁጥር ግን ምንድን ነው፣ የባንክ ነው?» ብላ እስካሁን ሁለት ጊዜ ደውላለች።